የመጀመሪያው ብር ለአጥቂ ይውጣ?

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር የክለብ አመራር መጀመሪያ የሚጠይቀው አጥቂ ተገኘ ወይ ብሎ ነው። ደጋፊውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የግብ ጠባቂው፣ የመሃል ተከላካዩ፣ የታዳጊ ቡድኑ አሠልጣኝ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ገንዘቡ ካለቀ በኋላ። ይህ ቅደም ተከተል ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ ማስረጃ አለው። ማስረጃው ግን ተሰባስቦ ሲመዘን እምብዛም አናይም።

ጥያቄው ሀብታም ክለብ ላላቸው ከተሞች የጨዋታ ወሬ ሊሆን ይችላል። ለአሶሳና ለሸርቆሌ ግን ዋናው ነገር ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከተጫወቱበት ክለቦች መካከል የአሶሳ ስም የለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምዕራብ ጫፍ የምትገኝ ናት፤ ሸርቆሌ ደግሞ ከእሷም አልፎ ወደ ሱዳን ድንበር ነው። እንዲህ ካለ ቦታ ተነስቶ ቡድን የሚገነባ ሰው የመጀመሪያውን በጀት ቢያጠፋው የሚያርምበት ሁለተኛ በጀት አይኖረውም። ስለዚህ ለማን ቀድሞ ይከፈል የሚለውን ሌሎች ከከፈሉት ዋጋ መማር አለበት።

ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ መዝግበው የመረመሩት አሜሪካውያን ናቸው። የእነሱ ፉትቦል በእጅ የሚወረወር ኳስ ነው። ኳርተርባክ የሚሉት ወርዋሪ አለ፤ ዋይድ ሪሲቨር የሚባለው ደግሞ በመስመር በኩል ፈትልኮ የተወረወረለትን የሚቀበለው ነው። እንደ እኛ አጥቂ በቴሌቪዥን የሚታየው፣ ማልያው የሚሸጠው፣ ልጆች ሊሆኑት የሚመኙት እሱ ነው። በመሃል ወርዋሪውን ከተጋጣሚ የሚከልሉ ግዙፍ ሰዎች ይቆማሉ፤ ስማቸውን የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾችን 32 ክለቦች በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል፤ ምርጫው ሰባት ዙር ይሄዳል። ድራፍት የሚሉት ይህ ነው። ማን በስንተኛ ተራ እንደተመረጠና በኋላ ምን እንደሠራ ሁሉም ተመዝግቦ ይገኛል። ውድ የሆነውን የመጀመሪያ ተራ ለኳስ ተቀባይ ማዋል ያዋጣል ወይ የሚለው ክርክር የእኛ የአጥቂ ክርክር ነው ማለት ይቻላል።

የዲትሮይት ከተማ ክለብ፣ ላየንስ፣ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ብቻውን ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክለቡ በሁለተኛ ተራ ኳስ ተቀባይ መረጠ። በ2004 በሰባተኛ ተራ ሌላ ኳስ ተቀባይ ጨመረ። በ2005 በአሥረኛ ተራ ሦስተኛ ደገመ። በ2007 አሁንም በሁለተኛ ተራ ካልቪን ጆንሰንን ወሰደ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ውድ ምርጫዎች ለአንድ ቦታ ዋሉ ማለት ነው። በ2008 ክለቡ ያደረጋቸውን 16 ጨዋታዎች ሁሉ ተሸነፈ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አራተኛው ምርጫ ስህተት አለመሆኑን ነው። ካልቪን ጆንሰን በታሪክ ከታዩት ኳስ ተቀባዮች ታላላቆቹ አንዱ ነው። በ2012 በአንድ የውድድር ዓመት በተቀበላቸው ኳሶች 1,964 ያርድ ርቀት ሸፍኖ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ቡድኑ 4 ጨዋታ አሸንፎ 12 ተሸነፈ። ከ2015 የውድድር ዓመት በኋላ ጫማውን ሲሰቅል አንድም የጥሎ ማለፍ ድል አላየም። ኮከቡ ኮከብ ሆኖ ሳለ ቡድኑ አልተነሳም፤ ለእኔ ከከሸፉት ምርጫዎች ይልቅ ይህ የበለጠ ያስተምራል። የከሸፈ ምርጫን መልማዩ አላየም ብሎ ማለፍ ይቻላል። የተሳካ ምርጫ ቡድን ሳያነሳ ሲቀር ግን ስህተቱ ያለው ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ለካልቪን ጆንሰን ይወረውርለት የነበረው ማቲው ስታፎርድ በ2021 ወደ ሎስ አንጀለስ ራምስ ተዛወረ፤ በመጀመሪያው ዓመትም የሊጉ ፍጻሜ የሆነውን የሱፐር ቦውልን ዋንጫ አነሳ። በፍጻሜው የማሸነፊያውን ኳስ የተቀበለው ኩፐር ከፕ ነው፤ በ2017 በ69ኛ ተራ የተመረጠ ሰው። በ2023 በ177ኛ ተራ የተገኘው ፑካ ናኩዋ ከዚሁ ወርዋሪ 1,486 ያርድ ተቀበለ፤ ለጀማሪ ተጫዋች ክብረ ወሰን ነው። የወረወረው እጅ አንድ ነው፤ የሚከልለው ሰልፍና የሚመራው አሠልጣኝ ግን ተለውጠዋል።

ዲትሮይትም ተማረ። በ2021 ሰባተኛ ተራ ሲደርሰው ኳስ ተቀባይ ትቶ ወርዋሪውን የሚከልለውን ፔኔይ ሱዌልን መረጠ። ኳስ ተቀባዩን፣ አሞን-ራ ሴንት ብራውንን፣ በዚያው ዓመት በ112ኛ ተራ አገኘ። በ2022፣ ሰልፉ ከጠና በኋላ፣ ሌሎች ምርጫዎችን ሰጥቶ ወደ 12ኛ ተራ በመውጣት ጄምሰን ዊሊያምስ የተባለ ፈጣን ኳስ ተቀባይ ወሰደ። በ2023 የውድድር ዓመት ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ደረሰ። ያው ክለብ፣ ያው ከተማ፣ ያው የተጫዋች ዓይነት፤ የተቀየረው መጀመሪያ ምን ይሠራ የሚለው ነው።

ተቃራኒው ወገን ግን ባዶ እጁን አይደለም። ከሱዌል ሁለት ተራ ቀድሞ፣ በዚያው ዓመት፣ ሲንሲናቲ ጃማር ቼዝን በአምስተኛ ተራ መረጠ። ብዙ ታዛቢ የሚከልል ሰው ይሻላል ብሎ ነበር። ቼዝ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ከወርዋሪው ጆ በሮው ጋር ተገናኝቶ በመጀመሪያው ዓመት ክለቡን ለፍጻሜ አደረሰ። በፍጻሜው ግን በሮው ሰባት ጊዜ ኳሱን እንደያዘ መሬት ላይ ተጣለ፤ ሲንሲናቲ 23 ለ20 ተሸነፈ። ያሸነፉት እነዚያው ስታፎርድና ከፕ ናቸው። በ2024 ቼዝ በተቀበለው ኳስ ብዛት፣ በያርድና ኳስ ተቀብሎ ባስቆጠረው ብዛት ሊጉን በሦስቱም መራ፤ ክለቡ ለጥሎ ማለፍ ሳይደርስ ቀረ። ሁለቱም ወገን ይህን ታሪክ ለራሱ ማስረጃ ያደርገዋል፤ ሁለቱም እውነት አለው። ወርዋሪው አስቀድሞ ለነበረው ክለብ ቼዝ ትልቅ ነገር ጨመረ፤ የጎደለውን ግን አልሞላም።

ውድ ተራ ለኳስ ተቀባይ ይዋል የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ክርክር የደመወዝ ነው። ከ2011 ወዲህ የአዲስ ተጫዋች ክፍያ በተመረጠበት ተራ ይወሰናል፤ ውሉ ለአራት ዓመት ይጸናል። የጎለመሰ ኳስ ተቀባይ ደግሞ እጅግ ውድ ሆኗል። ጀስቲን ጄፈርሰን በ2024 በዓመት 35 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝለትን ውል ፈረመ፤ ቼዝ በ2025 ከ40 ሚሊዮን አለፈ። ስለዚህ ገና ሳይወደድ በምርጫ መያዝ ያዋጣል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ይህ ክርክር የሚያስረዳው ወጣቱን ቀድሞ መያዝ እንደሚያዋጣ እንጂ በውድ መያዝ እንደሚያዋጣ አይደለም። ጄፈርሰን ራሱ የተመረጠው 22ኛ ሆኖ ነው። ከእሱ አንድ ተራ ቀድሞ የመረጠው ፊላደልፊያ የወሰደው ሌላ ኳስ ተቀባይ ነበር፤ ያም ልጅ በዚያ ክለብ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አላበራም። የሁለቱን ልዩነት አስቀድሞ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ጄፈርሰን በሃያ አንድ ምርጫ አይታለፍም ነበር።

ተመራማሪው ኬድ ማሴና ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ቴለር ይህንኑ በቁጥር መርምረዋል። ቴለር በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነው። የደረሱበት ውጤት ክለቦች ቀዳሚዎቹን ተራዎች ከሚገባው በላይ በውድ እንደሚገዙ፣ አንዱን ትልቅ ተራ በብዙ ትናንሽ ተራዎች የሚለውጥ ክለብ ደግሞ እንደሚያተርፍ ያሳያል። በአንድ የመጫወቻ ቦታ ቀድሞ የተመረጠው ተጫዋች በዚያው ቦታ ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የመብለጥ ዕድሉ ከመቶ 52 ገደማ ነው፤ ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አይርቅም። ካንሳስ ሲቲ በ2022 ታይሪክ ሂል የተባለውን ድንቅ ኳስ ተቀባዩን ለማያሚ ሸጦ አምስት ምርጫ ተቀበለ፤ በተከታታይ ሁለት ዋንጫ አነሳ። ሂል ራሱ በ2016 የተገኘው በ165ኛ ተራ ነበር።

በሸርቆሌና በኩርሙክ ወርቅ የሚያጥብ ሰው ይህን ያለ ኢኮኖሚስት ያውቀዋል። ትናንት ትልቅ ወርቅ ወጣበት በተባለ አንድ ጉድጓድ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያፈስ ሰው አንዳንዴ ይከብራል፤ ብዙ ቦታ ቆፍሮ ብዙ አፈር የሚያጥብ ግን ቤተሰቡን ያኖራል። ተሰጥኦ የሚገኘውም በዚህ መንገድ ነው፦ በሙከራ ብዛት።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ማስረጃው በመጀመሪያ እይታ ለአጥቂ ያደላል፤ ይህን አልሸሽግም። በ1993 ዓ.ም. መብራት ኃይል ዋንጫውን ሲያነሳ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የራሱ ልጅ ዮርዳኖስ አባይ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ደደቢት ሻምፒዮን ሲሆን ግቡን ያዘነበው ጌታነህ ከበደ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ወስዶ አገር አስደነቀ፤ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አገባ። በ2015 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲያሸንፍ ቶጓዊው ኢስማኤል ኦሮ-አጎሮ 25 አገባ። ይህን ዝርዝር ይዞ በአመራር ስብሰባ ላይ የሚቀርብ ሰው አጥቂ ግዙ ቢል የሚመልስለት ያጣል።

ሆኖም የሊጉ ትልቁ የግብ ቁጥር ያለው ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አገባ። በሊጉ ታሪክ በአንድ የውድድር ዓመት እንዲህ ያገባ የለም። ቡና ግን ሁለተኛ ሆነ። ዋንጫው የሄደው በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት ወደ ጎንደር፣ ወደ ፋሲል ከነማ ነው። የፋሲል ግብ በማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ይጠበቅ ነበር፤ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ደግሞ የቡድኑ አምበል ነበር። 29 ግብ የሚያገባ ሰው ይዞ ዋንጫ ካልመጣ ስንት ግብ ያመጣዋል?

ደግሞም ከግቡና ከዋንጫው የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ መለየት ይገባል። ጥሩ ቡድን ብዙ ኳስ ወደ ፊት ያደርሳል፤ ብዙ ኳስ የደረሰው አጥቂ ብዙ ያገባል። የሻምፒዮን ቡድን አጥቂ ኮከብ ግብ አግቢ መሆኑ ሻምፒዮን ያደረገው እሱ ነው ማለት አይደለም። ይህን ለመፈተን የሚረዳን አንድ ሰው አለ፤ አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረገ። በማግሥቱ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረገ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድንን ሻምፒዮን አደረገ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት የተለያየ የአጥቂ መስመር፣ አንድ አሠልጣኝ። ኦኪኪ የነበረው በአንዱ ብቻ ነው። ለአንድ ዓመት የአጥቂ ክፍያ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ጥሩ አሠልጣኝ መያዝ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። የእኛ ክለቦች ግን በአምስት ጨዋታ ሽንፈት አሠልጣኝ ያባርራሉ።

ዋንጫው ካለፈ በኋላ የሆነውም መታየት አለበት። ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወረደ። ደደቢት በ2011 ዓ.ም. ወረደ። የወረዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉን በአጥቂ ግዢ ላይ መለጠፍ አይገባም። ግን በአንድና በሁለት ዓመት ውል የሚመጣ ተጫዋች ሲሄድ ክለቡ የሚቀረው ምን እንደሆነ ያሳያሉ። ልምምድ ሜዳ አይቀርም፣ የታዳጊ ቡድን አይቀርም፣ የሚሸጥ ውልም አይቀርም።

ብሔራዊ ቡድኑም የራሱን ምስክርነት ሰጥቷል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ግቦቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ናቸው። ሳላዲን የቤንሻንጉል ጉሙዝ ልጅ ነው፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቀጥሎም በግብፅ ዋዲ ደግላና አል አህሊ ተጫውቷል። የዚያን ቀን ደስታ ያየ ሰው ስለ አጥቂ ክፉ መናገር ይከብደዋል። በጥር ወር ደቡብ አፍሪካ ስንደርስ ግን የገባብን ነገር ሌላ ነበር። ከዛምቢያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ አንድ እኩል ተለያየን። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ0 ተሸነፍን። ናይጄሪያ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ0 አሸነፈችን። አንድ አግብተን ሰባት ተቆጠረብን። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ ከኬፕ ቬርዴ ጋር ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ተከላካያችን በቀይ ተሰናበተ፤ በሦስት ጨዋታ ሁለት አግብተን ስድስት ገባብን። በሁለቱም ውድድሮች የተሰበርነው ከኋላ ነው። በየክለቡ ግብ ጠባቂና ተከላካይ የሚኮተኮትበት ገንዘብ ባለመኖሩ የተከፈለ ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

የደመወዙም ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ጣሪያው ለአጥቂውም ለተከላካዩም አንድ ነበር፤ ነገር ግን ተፈላጊው አጥቂ ከጣሪያው በላይ የሚያገኝበት መንገድ ይፈለግለታል የሚለው ቅሬታ አልቆመም፤ በኋላም የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የክለቦችን አጠቃላይ ወጪ የሚቆጣጠር መመሪያ ወደ ማውጣት ሄደ። ክልከላው ለምን እንዳልያዘ ግልጽ ነው። አንድ ክለብ ከራሱ መንደር ያሳደገው አጥቂ ከሌለው ሌላው ያሳደገውን ለመግዛት መሻማት ግዴታው ነው፤ ሽሚያ ባለበት ጣሪያ አይጸናም። አሳድጎ የሸጠ ክለብ ምን እንደሚያገኝ ደግሞ ኢትዮጵያ ቡና በ2014 ዓ.ም. አቡበከርን ለማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሸጥ አይተናል። አቡበከር በደቡብ አፍሪካ ጉዳት ተደጋገመበት። ውድ ዋጋ የከፈለው ክለብ የጉዳቱንም ዕዳ ተሸከመ፤ ቡና ደግሞ ምርጥ ዓመታቱን በርካሽ አግኝቶ ነበር። የአሜሪካኖቹ የአራት ዓመት ውል ክርክር በእኛ አገር መልኩ ይህ ነው።

በአሶሳ ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ጨዋታ የሚያዩ ወጣቶች ሁለት ምሳሌ በቃላቸው ያውቃሉ። ሊቨርፑል ሳላህ፣ ማኔና ፊርሚኖ እያሉት ዋንጫ ያልነበረው ክለብ ነው፤ በ2018 ተከላካዩን ቫን ዳይክንና ግብ ጠባቂውን አሊሰንን ከገዛ በኋላ በ2019 የአውሮፓን፣ በ2020 የእንግሊዝን ዋንጫ አነሳ። ማንችስተር ሲቲ በ2021 ሻምፒዮን ሲሆን በሊጉ ብዙ ግብ ያገባለት አማካዩ ጉንዶጋን ነው፤ በ13 ግብ። ሃላንድን የገዛው በ2022፣ ሁሉም ነገር ከተሠራ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 36 የሊግ ግብና ሦስት ዋንጫ ተገኘ። ሃላንድ ውድ ነው፤ ግን ለዚያ ቡድን፣ በዚያ ጊዜ፣ ርካሽ ነበር።

እንግዲህ ለሸርቆሌ ምን ይሻላል? እኔ የምለው ይህ ነው። አጥቂ አትግዙ፤ ፈልጉ። ግዢውና ፍለጋው ሁለት የተለያየ ሥራ ናቸው። ግዢ አንድ ሰው ላይ ብዙ ብር ማውጣት ነው፤ ፍለጋ ብዙ ልጆች ላይ ጥቂት ጥቂት ብር ማውጣት ነው። ማስረጃው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ አካባቢውም ለሁለተኛው የተመቸ ነው። ሳላዲን ሰይድ ከዚህ ክልል የወጣው ማንም በውድ ገዝቶ ስላመጣው አይደለም። ከበርታው፣ ከማኦው፣ ከኮሞው መንደር ኳስ የሚያንቀረቅብ ልጅ በየወረዳው አለ፤ የሚያየው ሰው ነው የሌለው። መልማዮች የሚያዩት አዲስ አበባን፣ ሐዋሳንና አዳማን ነው፤ አሶሳ ድረስ የሚመጣ ጥቂት ነው፣ ሸርቆሌ ድረስ የሚዘልቅ የለም ማለት ይቻላል።

በሸርቆሌ ደግሞ ሌላ ሀብት አለ። የስደተኞች መጠለያው ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ከሱዳን ብሉ ናይል፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኮንጎም ሳይቀር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች እዚያ ተወልደው አድገዋል፤ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ በኩርሙክ በኩል ተጨማሪ ሺዎችን አምጥቷል። አልፎንሶ ዴቪስ የተወለደው ከላይቤሪያ ከሸሹ ወላጆች በጋና ቡዱቡራም የስደተኞች መጠለያ ነው፤ ካናዳ አድጎ በ2020 ከባየርን ሙኒክ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ። የኬንያው ካኩማ መጠለያ ልጅ አወር ማቢል በ2022 አውስትራሊያን ለዓለም ዋንጫ ካሳለፉት ፍጹም ቅጣት ምቶች አንዱን መትቷል። ዴቪስ ደግሞ ለዚህ ዳሰሳ ሌላም ነገር ያስተምራል። ወደ ባየርን ሲመጣ የክንፍ አጥቂ ነበር፤ ክብሩን ያገኘው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የግራ ተከላካይ ሲሆን ነው። ልጁን ፈጣን ስለሆነ አጥቂ ነው ብሎ ከመደምደም ይልቅ የት እንደሚጠቅም የሚያይ አሠልጣኝ ማግኘት ይቀድማል። ሁሉም ልጅ አጥቂ መሆን በሚፈልግበት አገር ጥሩ ተከላካይ የሚገኘው ከአጥቂዎች መካከል ነው።

ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከንቲባውም የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊውም በተሾሙበት ዓመት ውጤት ማሳየት ይፈልጋሉ፤ አጥቂ ሲፈርም ፎቶ ይነሳል፣ የ13 ዓመት ልጆች ውድድር ሲካሄድ ፎቶ የሚያነሳ የለም። ደጋፊውም ተጠያቂ ነው። በየበጀት ዓመቱ ማን ፈረመ ብሎ የሚጮህ ደጋፊ፣ ስንት ወረዳ ተወዳደረ ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ብር ሲወጣ የምመርጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሳይነካ የሚቆይ አሠልጣኝ። ቀጥሎ ሸርቆሌን፣ ኩርሙክን፣ መንጌን፣ ሆሞሻን፣ ባምባሲንና የመጠለያ ጣቢያዎቹን ጨምሮ በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚካሄድ የታዳጊዎች ውድድር፣ ከእሱም የሚመረጡትን የሚይዝ አንድ የታዳጊ ቡድን። ከዚያ ግብ ጠባቂና የመሃል ተከላካይ፤ እነዚህን ከሌላ ከተማ መግዛት ካስፈለገ ይገዙ። አጥቂ የሚገዛው ቡድኑ ኳስ ወደ ፊት ማድረስ ከቻለና ግብ ብቻ ከጎደለው በኋላ ነው፤ ያኔ በውድም ቢሆን ይገዛ፣ የጅማና የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታት ያኔ እንደሚያዋጣ አሳይተዋል።

በአሶሳም በሸርቆሌም ያላችሁ የኳስ ወዳጆች፣ የሚቀጥለው ዓመት የስፖርት በጀት ለውይይት ሲቀርብ ገብታችሁ ተቀመጡ። የታዳጊዎች ውድድር የራሱ የበጀት መደብ ተሰጥቶት ከፊርማ ክፍያው በፊት መጽደቁን ሳታረጋግጡ አትነሱ።